የሻይ መምህሩ ደብዳቤና የእትዬ ባየሽ ጠበል

እትዬ ባየሽ ጠበሉን የረጩት ማክሰኞ ማታ ነው። እኔ ያየሁት ረቡዕ ጠዋት፣ የማስታምማቸውን ሚስስ ሞሪታን ልብስ ላለብስ ገብቼ መጋረጃውን ስከፍት።

ደብዳቤው አልጋቸው ትይዩ ባለው የሻይ ክፍል፣ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሏል። ማክሰኞ ቀን ሰቅዬው የሄድኩት እኔ ነኝ፤ ሚስስ ሞሪታ ከአልጋቸው ሆነው «ወደ ግራ፤ አይ፣ የኔ ግራ እንጂ ያንቺ አይደለም» እያሉ ክንዴ እስኪዝል አስቁመውኛል። ሦስት መቶ ዓመት ያለፈው ወረቀት ነው። ሶጌን የሚባሉ የጃፓን የሻይ መምህር በብሩሽ ለወዳጃቸው የጻፉት ነው፤ ኋላ የመጡ ሰዎች ደግሞ ሐር ላይ ለጥፈው እንደ ሥዕል የሚሰቀል አድርገውታል። ሌላ ጊዜ ተጠቅልሎ በእንጨት ሳጥኑ ውስጥ ይተኛል። ቀደም ብለን ያወጣነው ለቅዳሜው የሻይ ግብዣ ሽብሽቡ እንዲፈታ ነበር።

አሁን መሃሉ ላይ ውሃ ያረፈበት ክብ ክብ ምልክት ወጥቶበታል፤ ጠርዙ ቡናማ፣ አንዱ የሳንቲም፣ አንዱ የብርጭቆ ቂጥ የሚያህል። ከሥሩ ውሃው ወርዶ ሐሩ ላይ ተጎትቶ ደርቋል። ጽሕፈቱ አልለቀቀም፤ ጥቁረቱ እንዳለ ነው። ወረቀቱ ግን እንደ አሮጊት ጉንጭ ተኮማትሯል።

ቆሜ አየሁት። ሌላ ሰው ቢሆን ይጮህ ነበር። እኔ ከምኖርበት ከሴዳር ሪቨርሳይድ እዚህ እስከ ሪችፊልድ በጨለማ፣ የመኪናዬን መስታወት ከበረዶ እየፋቅሁ ድራይቭ አድርጌ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ ለጩኸት የተረፈኝ ጉልበት አልነበረም።

«ምነው ዝም አልሽ?» አሉ ሚስስ ሞሪታ ከኋላዬ።

«መጋረጃው ተጣብቆ ነው።»

«መጋረጃው ተጣብቆ አያውቅም።»

የሰማንያ ዘጠኝ ዓመት ሴት ናቸው። ዓይናቸው መሃሉ ጠፍቶ ዳር ዳሩ ብቻ ነው የቀረላቸው፤ ጆሯቸው ግን የሌባ ጆሮ ነው። በዚህ ቤት አርባ ዓመት የሻይ ሥርዓት አስተምረዋል። ባል ሞቶ፣ ልጅ ሳይኖር፣ ቤቱና ደብዳቤው ቀሩላቸው፤ የወንድማቸው ልጅ ኬን ደግሞ አለ። ኬን ክፉ ሰው አይደለም። በበጋ ምድጃ ላይ የረሱት ማንቆርቆሪያ ተቃጥሎ የእሳት አደጋ መኪና ከመጣ ወዲህ ግን በግልጽ ነግሯቸዋል፦ አንድ ነገር ቢደገም ኒው ሆፕ የሚገኝ የአዛውንት መኖሪያ ይገባሉ። ክፍሉን አስይዞላቸዋል። ኒው ሆፕ ማለት አዲስ ተስፋ ማለት ነው፤ ስሙን ያወጣው ሰው ቀልድ ያውቃል። ሚስስ ሞሪታ አንዴ ሄደው አይተውት ሲመለሱ ለሁለት ቀን አልተናገሩም። በሦስተኛው ቀን «እዚያ ሻይ በክር ታስሮ ነው የሚመጣው» አሉኝና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

ከዚያ ወዲህ ቤቱን የያዝነው የአስታማሚ ኤጀንሲ የላከን ሁለት ሴቶች ነን፤ ጠዋት እኔ፣ ማታ እትዬ ባየሽ። እኛ አንድ ነገር ካበላሸን የሚሄዱት እሳቸው ናቸው። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ከሰዓት እትዬ ባየሽ ሺፍት ሊቀበሉኝ መጡ። ነጠላቸውን ከክረምት ጃኬታቸው ላይ ጠምጥመው፣ የበረዶ ጫማቸውን በር ላይ እያራገፉ። የጉለሌ ሴት ናቸው፤ እኔ የነቀምት ልጅ ነኝ። ወጥ ቤቱን ዘጋሁት።

«እትዬ ባየሽ፣ ትናንት እዚህ ቤት ውሃ ፈስሶ ነበር?»

«ውሃ?» ቦርሳቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። «ውሃስ አልፈሰሰም። ጠበል ነው የረጨሁት።»

«የት ላይ?»

«በሽተኛዋ ላይ። አልጋው ላይ። በሩ ላይ።» ትንሽ ቆዩና በአገጫቸው ወደ ሻይ ክፍሉ አመለከቱ። «እዚያም ላይ።»

«እዚያ ላይ ለምን?»

«አትጩኺብኝ፣ አንቺ ልጅ።»

«አልጮህኩም። ብችል ደስ ይለኝ ነበር።»

ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ማታ ትኩሳት ያዛቸው። መድኃኒቱን ሰጠሁ፣ ነርሷ ጋ ደወልኩ፣ የታዘዝኩትን ሁሉ አደረግሁ። እሳቸው ግን ፊታቸውን ወደዚያ መልሰው በቋንቋቸው ያወራሉ። ወዴት ነው የሚያወሩት ብዬ ቀና ስል፣ ሰኞ ያልነበረ ነገር ተሰቅሏል። ረጅም፣ ጠባብ፣ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ጽሕፈት። እናቴ የታመመች ጊዜ ደብተራው በቁመቷ ልክ ክታብ ጽፎ ከአልጋዋ ትይዩ ሰቅሎላት ነበር፤ እዪው እዪው እያላት። እሷም ስታየው ከረመች። አልተነሳችም።»

«እና የጃፓን ደብተራ መጥቶ ሚስስ ሞሪታ ላይ ክታብ ሰቀለባቸው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ጃፓን ደብተራ የለውም?»

«አለው እንበል። ሪችፊልድ ድረስ በኡበር መጣ?»

«ሣቂ አንቺ።»

«የሰቀልኩት እኔ ነኝ፣ እትዬ ባየሽ።»

«አንቺማ ጴንጤ ነሽ። ምን እንደሰቀልሽ በምን ታውቂያለሽ?»

እዚህ ላይ መልስ ነበረኝ። ዋጥኩት። እሳቸው ግን አላበቁም፤ «ለመሆኑ ትኩሳቱ ለቀቃቸው ወይስ አለቀቃቸውም?» አሉ።

«ለቅቋቸዋል።»

«እንግዲያ» ብለው እጃቸውን አጣጠፉ።

ትምህርት ቤት አሥረኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ የቀረውን ራሴን በራሴ ከቤተ መጻሕፍት አስተማርኩ፣ የማጠናቀቂያ ፈተናውንም ማንም ሳያስጠናኝ አለፍኩ። የጃፓንኛ ጽሕፈት ግን ከዚያም አልተማርኩትም። ሚስስ ሞሪታ ደብዳቤውን በቃላቸው ስለሚያውቁት ገላቸውን ሳጥባቸው እየደጋገሙ አስጠንተውኛል። ለእትዬ ባየሽ እንዳለ አነበነብኩላቸው፦ «ከሰሉ ደርሶኛል፤ ደረቅ ነው፣ ደህና ይነድዳል። ዐሥረኛው ቀን ላይ ላለው ግብዣ ግን አልመጣም። ጉልበቴ እምቢ አለኝ፣ ሰውም ደከመኝ። ልጅህ ሻዩን ያዘጋጅ፤ አንተ እጁን እጁን አትየው።»

«ከዚያስ?»

«በቃ።»

«የመላእክት ስም የለውም? ግዝት የለውም?»

«ጉልበታቸውን አሟቸው ግብዣ ቀሩ። ይኸው ነው።»

«ለዚህ ነው ሐር ያለበሱት?»

«ለዚህ ነው።»

ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ያዙ። «ወይኔ ባየሽ» አሉ። «ደህና ሽማግሌ ነዋ የረጨሁት።»

ከዚያ መላ መፈለግ ጀመሩ። በካውያ ብንተኩሰውስ? ይቃጠላል አልኳቸው። በሌላ ወረቀት ብንሸፍነውስ? እንዲህም እንዲያም አልሆነም። በመጨረሻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እሳቸው እንደሆነ አያዩትም» አሉ።

«እንግዶቹ ያዩታል። በሻይ ሥርዓት እንግዳ ሲገባ ከሁሉ በፊት እዚያ ጽሕፈት ፊት ተንበርክኮ፣ እጅ ነስቶ፣ አተኩሮ ማየት አለበት። ከዚያ ዋናው እንግዳ ስለ ጽሕፈቱ ባለቤቷን ይጠይቃል። አለመጠየቅ ነውር ነው።»

«እኛ ዘንድ ግድግዳ ላይ ያለውን የሚጠይቅ እንግዳ ነገረኛ ይባላል።»

«ከእንግዶቹ አንዱ ኬን ነው።»

 ይህን ሲሰሙ ተነሡና ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እንግዲያ በሰው ፊት ከሚሰሙት አሁን ከኛ ይስሙት። ነይ።»

አብረን ገባን። እትዬ ባየሽ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው እንደ ተከሳሽ ቆሙ፤ እኔ በእንግሊዝኛ ተናገርኩ። ሚስስ ሞሪታ ሳያቋርጡ ሰሙኝ። «አንሡኝ» አሉ። ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር አዛውረን ደብዳቤው ፊት አደረስናቸው። በእጃቸው አልነኩትም። በዓይናቸው ዳር ለማየት አንገታቸውን እንደ ወፍ ጠምዘዝ አድርገው፣ ከላይ እስከ ታች፣ ቀስ ብለው ሄዱበት። ክቦቹ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«ምን ውሃ ነው?»

«የተባረከ ውሃ። ከቤተ ክርስቲያናቸው ያመጡት።»

«ለምን?»

የደብተራውን ነገር፣ የእናትየዋን ሕመም፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። 

«አባቴ» አሉ ኋላ፣ «በዓለም ጦርነቱ ጊዜ ጃፓኖች ናችሁ ብለው ከካሊፎርኒያ ወደ በረሃ ካምፕ ሲወስዱን፣ አንድ ሻንጣ ብቻ ተፈቅዶለት ሸሚዞቹን አውጥቶ ይህን አስገባ። የበረሃው አቧራ በየስንጥቁ ሲገባ ይህን አልነካውም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ውሃ በሚፈላበት ክፍል ሰቅዬው ጠብታ አላረፈበትም።» ድምፃቸው አልጨመረም። «እሷ ትውጣልኝ።»

እትዬ ባየሽ ይህን ያለ አስተርጓሚ ተረዱት። ወጡ።

እኔን ግን አስቀሩኝ። «ቅዳሜ ይኸው ይሰቀላል» አሉ። «ማንም ምንም አይናገር። እንግዳ የሚጠይቀው ባለቤቷን ነው፤ የምመልሰው እኔ ነኝ።»

ቁጣቸውን አይቼ ስለነበር የሚመልሱትን የማውቅ መስሎኝ ነበር። እትዬ ባየሽን ስማቸውን ጠርተው በሰው ፊት ያዋርዷቸዋል ብዬ ቅዳሜ እንዳይደርስ ተመኘሁ።

ቅዳሜ ሊንዳ የምትባል የድሮ ተማሪያቸውና ኬን መጡ። ሊንዳ ጡረታ የወጣች መምህርት ናት፤ ዋናዋ እንግዳ እሷ ሆነች። እኔ በር ላይ ተንበርክኬ ከባቄላ የተሠራውን ጣፋጭ ይዣለሁ፤ ሲጠሩኝ ላቀርብ። ሊንዳ ደብዳቤው ፊት እጅ ነሣች፣ ቀና አለች፣ ቀና እንዳለች ቀረች። እንዳየችው ከጀርባዋ አወቅሁ። ኬን ተከተለ። እሱም አየ።

ሚስስ ሞሪታ ዝቅ ባለች ወንበር ላይ ተቀምጠው ሻዩን በራሳቸው እጅ ያዘጋጁ ነበር። ያ እጅ ዓይን አይፈልግም፤ ማንኪያው የት እንዳለ፣ ጽዋው የት እንዳለ ያውቃል። ሊንዳ ጠበቀች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ስለ ደብዳቤው ልጠይቅ» አለች። «የመምህር ሶጌን ነው፣ አውቀዋለሁ። ዘንድሮ ግን… ትንሽ የተለወጠ መሰለኝ።»

«ውሃ ደፋሁበት» አሉ ሚስስ ሞሪታ። ጽዋውን መወልወል አላቋረጡም። «እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ደፋሁበት። የዘንድሮ መልኩ ይህ ነው።»

ጣፋጩ ከእጄ ሊያመልጠኝ ነበር።

ኬን አንገቱን ደፍቶ ቆየ። ሻዩን ጠጣ፣ ጽዋውን አዙሮ አየው፣ አስቀመጠው፣ አመሰገነ። ሁሉንም በደንብ አደረገ። ሰው ከቆረጠ በኋላ ፊቱ እንዴት ጸጥ እንደሚል የታመሙ ሰዎች ቤት ስለምሠራ አውቀዋለሁ፤ የቤተ ዘመድ ፊት ነው።

ወጥ ቤት ተከትሎኝ ገባ። እትዬ ባየሽ እዚያ ነበሩ። ሺፍታቸው አልነበረም፤ ሳህን ላጥብ ብለው ነው የመጡት፣ ከረቡዕ ወዲህ ሚስስ ሞሪታ ዓይናቸውን አላዞሩላቸውም።

«ጋዲሴ» አለኝ ኬን፣ «ሰኞ ኒው ሆፕ እደውላለሁ።»

«ለአንድ ወረቀት?»

«የወረቀቱ ጉዳይ አይደለም። አክስቴ ከነፍሷ አብልጣ የምትጠብቀው እሱን ነው። እሱን ከራሷ እጅ ማዳን ካልቻለች ሌሊት ብቻዋን እንዴት አስቀምጣታለሁ?»

 እውነት ቢሆን ኖሮ እኔም እንደሱ እል ነበር።

«ኒው ሆፕ አለ» አሉ እትዬ ባየሽ በአማርኛ። «ሰምቻለሁ። ምን አለ?»

«ሚስስ ሞሪታ ውሃውን እኔ ነኝ የደፋሁት ብለው ነገሩት። ሊወስዳቸው ነው።»

እትዬ ባየሽ እጃቸውን በፎጣ አደረቁ። ጣት በጣት፣ ሳይቸኩሉ። እኔ ማየት የጀመርኩት ወለሉን ነው። ብናገር እትዬ ባየሽ ከሥራ ይባረራሉ፤ ዝም ብል ሴትየዋ ከቤታቸው ይወጣሉ። ምላሴ ስለታም ነው ብለው የሚያሙኝ ሁሉ ያን ሰዓት ቢያዩኝ ይደሰቱ ነበር።

«ንገሪው» አሉኝ።

«እትዬ ባየሽ፣ ኤጀንሲው እኮ—»

«አውቃለሁ። ግድግዳ ላይ ውሃ የምትረጭ እብድ ብለው ይጽፉብኛል። እኔ ሌላ ቤት እሠራለሁ፤ ባልሠራም እህቴ ቤት አለሁ። እሳቸው ያላቸው ይህ ነው። ንገሪው። ደግሞ እንዳታሳምሪው።»

ነገርኩት። ትኩሳቱን፣ ክታቡን፣ የጠበሉን የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ እንዴት እንደረጩ። ኬን አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን ያያል።

«ጨምሪ» አሉ እትዬ ባየሽ። «ለወረቀቱ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጠበል በመርጨቴ ግን ይቅርታ አልጠይቅም በይው።»

«ይቺን ብተዋት አይሻልም?»

«የምናገረው እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?»

አልተውኳትም። ኬን ይህን ሲሰማ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። ለካ እሱም ደክሞታል፤ እስከዚያ ቀን አላየሁትም ነበር።

«አክስቴ ለምን ዋሸችኝ?» አለ።

«እሱን እሳቸውን ጠይቃቸው። እኔ ልብስ ነው የማለብሳቸው።»

«ኒው ሆፕ አልደውልም» አለ ቆይቶ። «ኤጀንሲው ጋ ግን እደውላለሁ። እሷ እዚህ ቤት መሥራት አትችልም። ይገባሻል አይደል?»

«ይገባኛል። እሳቸውም ይገባቸዋል። ተርጉሚልኝ አሉኝ እንጂ አስታርቂኝ አላሉኝም።»

እትዬ ባየሽ መልሱን ከፊቱ አነበቡት። የታጠቡትን ሳህኖች ደረደሩ፣ ጃኬታቸውን ለበሱ። በር ላይ ቆም ብለው «የማታው ክኒን ከምግብ በኋላ ነው፤ እንዳትረሺ» አሉኝ። ወጡ።

ሌላ ሰው እስኪገኝ የማታውም ሺፍት በኔ ላይ ወደቀ። ጠዋት እኔ፣ ማታ እኔ። በመሃል ቤቴ ልሂድ ብል ጊዜውን መንገድ ላይ ነው የምጨርሰው፤ መኪናዬ ውስጥ ወንበሩን ዘንበል አድርጌ እተኛለሁ። ሚስስ ሞሪታ ለጥቂት ቀን ከ«አዎ» እና «አይ» ሌላ አልነገሩኝም። ኬን እውነቱን እንደሚያውቅ ነግሯቸው ኖሯል።

ሐሙስ ማታ እግራቸውን ሳሽላቸው አፋቸውን ከፈቱ።

«ማን ተናገረ?»

«እትዬ ባየሽ።»

«በማን አፍ?»

«በኔ።»

«ኒው ሆፕ ልሄድ ቆርጬ ነበር» አሉ። «ቤቴ ውስጥ የሆነ ነገር የኔ ነው። የሠራችው ጥፋት ነው፤ ግን ለኔ ብላ ነው፤ በእንግዳ ፊት አሳልፌ አልሰጣትም። እናንተ ሁለታችሁ ወጥ ቤት ገብታችሁ አፈረሳችሁት። ሳትጠይቁኝ።»

«እርስዎስ እትዬ ባየሽን ጠይቀዋቸው ነበር?»

እግራቸው እጄ ውስጥ ደንገጥ አለ። ያንን ማለት አልነበረብኝም ይሆናል፤ ግን ሁለት አሮጊቶች አንዷ ለሌላዋ ስትል ጉድጓድ ሊገቡ ሲሽቀዳደሙ በመሃል የምሮጠው እኔ ነኝ፣ ደክሞኛልም።

«አልጠየቅኳትም» አሉ በመጨረሻ። ሌላውን እግራቸውን ሰጡኝ። «ኬን እንዳትሠራ ነው የከለከላት?»

«አዎ።»

«ሠራተኛ መከልከል ይችላል፤ የገንዘቡ ደብተር እሱ እጅ ነው። እንግዳ የምጠራው ግን እኔ ነኝ። ደውዪላት።»

«አሁን?»

«እግሬን ከጨረስሽ በኋላ።»

ደወልኩ። ስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌ አልጋው ላይ አስቀመጥኩት። እትዬ ባየሽ ካሉበት ሕፃን ሲያለቅስ ይሰማል፤ የእህታቸው ቤት ነው።

«እትዬ ባየሽ፣ ሚስስ ሞሪታ እሑድ ሻይ ይምጡልኝ ይላሉ።»

«ሥራ?»

«እንግዳ ሆነው። ብቻዎን። ዋና እንግዳ።»

«ጾም ገብቷል በያቸው» አሉ። «ወተት አለው?»

«ሻዩ ወተት አያውቅም። ጣፋጩም ባቄላ ነው።»

«ቅቤ ሳይነካው?»

«ሳይነካው።»

«ምን አለች?» አሉ ሚስስ ሞሪታ።

«እየመረመሩን ነው» አልኳቸው።

«መንበርከኩን አልችለውም በያቸው» አሉ እትዬ ባየሽ። «ወንበር ከሰጡኝ እመጣለሁ። ግን አውቶቡሱ እሑድ እንደ ጳጳስ ነው፤ ሲፈልግ ነው የሚመጣው። በዚህ በረዶ እንዴት አድርጌ?»

ይህንም ተረጎምኩ። ሚስስ ሞሪታ ፊታቸውን ጠምዘዝ አድርገው በዓይናቸው ዳር እኔን አዩኝ። 

«እሑድ የዕረፍት ቀኔ ነው» አልኩ በእንግሊዝኛ። ቀጥዬ በአማርኛም አልኩት።

ሁለቱም ጠበቁ። ሕፃኑ እንኳ ዝም አለ።

«በስንት ሰዓት ልምጣልዎ?» አልኩ።